ለዋይሰን አንድ ዓሣ

ትናንት ማታ ብቻ ሺህ ጊዜ ገደልኳቸው፤
ደም የለ፣ ሬሳ የለ፤ ቀይ ነጥቦች ናቸው።
ዞምባ ላይ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፤
መብራት ሦስቴ ጠፍቶ ሦስቴ ተመልሷል፤
ኮምፒውተሬ ግን ከባትሪው እስትንፋስ እየጨለፈ
ሰው ይፈጥራል፣ ያስጠማል፣ ውኃ ያጠጣል፣
ይጥላል፣ ይቀብራል፣
ደግሞ ከአንድ ይጀምራል።

አሥራ ሁለት ሺህ ክትባት በበረዶ ሣጥን፤
ሕዝቡ መቶ ሺህ ነው። ለማን እንስጥ ቀድመን?
ነገ በሦስት ሰዓት አለቆች ይሰበሰባሉ፤
ወንበር ስበው፣ ሻይ ቀድተው፣ «የትኛው መንደር?» ይላሉ።
ሞዴሉ አለኝ፦ ገበያው። ከመንገዱ ዳር ያለው፣
ሐሙስ ሐሙስ ሰው የሚርመሰመሰው።
ሥዕሉ ያምራል። ኩርባው እንደ ዞምባ ጋራ
ወጥቶ፣ ቆሞ፣ ይወርዳል በተራ።
አመንኩት።
ያምር ነበርና።

ነርስ ምክዊንዳ ገባች፣ ብስክሌቷን ግድግዳ አስደግፋ፣
ጭቃ እስከ ጉልበቷ፣ ነፋስ የሰበረውን ዣንጥላ እንደ ዶሮ ታቅፋ።
እስክሪኑን አየች። ጣቷን ሰደደች፣
ሰማያዊው ላይ፣ ባዶው ላይ።
«እዚህስ?»
«ሐይቅ ነው።»
«ሐይቅማ ነው። ሰው የለም ወይ?»

ቺልዋ ላይ፣ ከሸምበቆው መሀል፣
ቤት ይንሳፈፋል።
ሣር ከምረው፣ ሣር ከድነው፣ ወራት የሚኖሩ፣
የሚጠጡትና የሚፀዳዱበት አንድ ውኃ የሆነ፣
በመዝገብ ያልሰፈሩ፣ በሕዝብ ቆጠራ ያልተቆጠሩ።
ቆጠራ በጫማ ነው የሚሄደው፤
ሰው ማለት ጫማ እስከሚደርስበት ድረስ ነው።

በማግሥቱ በታንኳ ሄድን። ዋይሰን የሚባል አጥማጅ
መረቡን ገፍቶ ቦታ ሰጠን።
ላፕቶፑን ከፌስታል አውጥቼ
«ይህች ነጥብ አንተ ነህ» አልኩት።
አጎነበሰ። ብዙ አየ።
«ምን እሠራለሁ?»
«ውኃ ትጠጣለህ። ገበያ ትሄዳለህ። ትታመማለህ።»
«ዓሣስ? አልይዝም?»
«ዓሣ የለም።»
ሳቀ። የሣሩ ወለል እስኪወዛወዝ ሳቀ።
«ታዲያ ገበያ ምን ልሠራ ነው የምሄደው፣ አንቺ ልጅ?»

ማታ አራት መቶ ነጥብ ሰማያዊው ላይ ዘራሁ፤
ሺህ ጊዜ አስኬድኩት፣ ሺህ ጊዜ አየሁ፦
እሳቱ ከገበያው አይነሣም፤
ከውኃ ነው የሚነሣው።
ኩርባዬ ተበላሸ፤ ሁለት ጉብታ አወጣ፤
መልኩ እየከፋ ወደ እውነት መጣ።

ሣጥኖቹ በታንኳ ሄዱ። ቅሬታ ነበር።
ሠራ ወይ ብትሉኝ፣ እንጃ።
በዚያ ክረምት ሰባት ሰው ቀበርን።
እጃችንን አጣጥፈን ብንቀመጥ፣ ከዘጠና እስከ ሦስት መቶ ብሎ ነበር ሞዴሉ።
በሰባትና በሦስት መቶ መካከል ያሉት
ዛሬ መረብ ያሰጣሉ፣ በብድር ይጣላሉ፣ ይዳራሉ፤
መትረፋቸውን አያውቁም፤
እኔም የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅ።
ከሰባቱ አንዷ ግን የምክዊንዳ እህት ልጅ ናት።
ቲያሚኬ። አራት ዓመቷ።
እሷን አውቃለሁ።

ፕሮግራሙ ውስጥ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ፣
ለአንድ ነጥብ በየንጋቱ
አንድ ምላምባ ይሰጠዋል፣ ጢሙ የረዘመ፣ ከጭቃ የወጣ።
ውጤቱን አይለውጥም። ፈትሼዋለሁ።
ተለማማጁ ልጅ ትናንት አገኘው፤
«ይህ ትርፍ ነው፣ ላጥፋው?» አለኝ።
ተወው፣ አልኩት።
ሰውየው ገበያ የሚሄድበት ምክንያት ይኑረው።